ሲቀዘቅዝ የማይረጋ ቅቤ

ዓለምፀሐይ ቂም መያዝ ታውቅበታለች። ሌላው ሰው ሲቆጣ ይጮኻል፣ ጮኾ ይወጣለታል፣ በማግስቱ አብሮ ሻይ ይጠጣል። እሷ እንዲህ አይደለችም። ሰላምታ አታጎድልም፣ ጉንጭ ለጉንጭ ደጋግማ ትስማለች፣ የልጆችን ጤና ትጠይቃለች፤ ቂሟ ግን ክዳኑ እንደተገጠመ ድስት ውስጥ ውስጡን ይበስላል። ይህን የምለው እኔ ኢየሩ ነኝ፣ ከእሷ ጋር ግድግዳ የምጋራ ጎረቤቷ። ካማኋትም ከጎኗ ቆሜ ነው የማማት። ማን እንደበደላት በዓይኔ ስላየሁ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ቤታችን ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ፣ ዳገቱን ሲወጡ ነው። ዓለምፀሐይ እዚሁ ጉለሌ ተወልዳ፣ እዚሁ ተድራ፣ ዕድሜዋን በሰው ድግስ የጨረሰች ሴት ናት። ወጥ ሠሪ ነበረች። ልጅ የሚድር፣ ክርስትና የሚያስነሳ፣ ልጅ ያስመረቀ ሁሉ ድንኳን ከመያዙ በፊት ዓለምፀሐይን ይይዛል። «መጀመሪያ ዓለም ቀን ትስጠን» ይባል ነበር። የዝናዋ ምንጭ ቅቤዋ ነው። ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን መቼ እንደምትጨምር ለማንም አትናገርም፤ ቅቤ ስታነጥር ሽታው ከግቢያችን ወጥቶ ታክሲ ተራው ድረስ ይወርዳል። ሽንኩርት ከታፊዎቿን ትቆጣለች፣ ትሰድባለች፣ ማታ ሲለያዩ ደግሞ ለልጆቻቸው ቋጥራ ትሰጣለች። ማማሰያዋን ግን ማንም አይነካባትም።

ባሏ ወልዱ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። ደግ፣ ዝምተኛ፣ ድንጉጥ። ድንጉጥ ስል እንዲያው ለወጉ አይደለም። ማንንም ሳይነካ ሰው ገጨሁ ብሎ መኪናውን አዙሮ መንገዱን ሲፈትሽ የሚገኝ ሰው ነው። ልጃቸው ልዩ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ላብ ያጠምቀዋል። ጠዋት ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ደረቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ሰፈሩ ይስቅበት ነበር። ወንድ ልጅ ሲፈራ ያስቃል፤ ፍርሃት እንደ ወባ፣ እንደ ጨጓራ፣ ሰው ሳይፈልገው የሚይዘው ሕመም ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ዓለምፀሐይ ግን አልሳቀችም። ጎትታ ዊንጌት አካባቢ ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰደችው። ዶክተር ገለታ የሚባል ለግላጋ ሐኪም መረመረው፣ ደም አስወሰደው፣ የልቡን ኢሲጂ አስነሳው። ውጤቱ ሲደርስ ወልዱ ከበሩ አልገባ አለ። «ለእሷ ይንገሯት ዶክተር» አለ፤ «እኔ ከሰማሁት እንቅልፍ የለኝም። እሷ ትስማልኝ።» እናም ዓለምፀሐይ የባሏን ደም ጉዳይ ብቻዋን ገብታ ሰማች።

ዶክተሩ የነገራትን ኋላ ደጋግማ ስለነገረችኝ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ልቡ ለጊዜው ደህና ነው። ደሙ ውስጥ ያለው ስብ ግን፣ ኮሌስትሮሉም ትራይግሊሰራይዱም፣ ከፍ ብሏል። «ይህ ፍርሃቱ የቆየ ነው?» ብሎ ጠየቃት። «እኔ ሳገባው አብሮት ነበር» አለችው። ዶክተሩ የጭንቀት ሕመም እንደሚባል፣ መድኃኒትም ምክርም እንዳለው አስረዳት። ከዚያ እንዲህ አላት፦

«ሰውነት አደጋ መጣ ብሎ ሲያስብ ለሩጫ የሚሆን ስንቅ ወደ ደም ይለቃል፤ ስኳርም ስብም። የሚሮጥ ሰው ያቃጥለዋል። እርስዎ እንደሚሉት ግን ባለቤትዎ ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ተቀምጦ ነው የሚፈራው። ጭንቀት ያለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ስብ ከፍ ብሎ ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ያላገኙም አሉ። ስለዚህ ጭንቀቱ ብቻ ነው አልልዎትም። ዘርም አለ፣ ምግብም አለ። ክኒኑን ይውሰድ፣ በእግሩ ይሂድ፣ ቅቤና ጮማ ይቀንስለት።»

ቅቤ ይቀንስለት። ይህን ለዓለምፀሐይ መንገር ለሸማኔ ድርና ማጉን ተው እንደማለት ነው። እሷ ግን ስለ ዝናዋ አልነበረም ያሰበችው። ያሰበችው ወልዱን ነው። በድንገት ቅቤ የሌለው ወጥ ብታቀርብለት «ለምን?» ይላል፤ «ደምህ» ብትለው ያንን ቃል ይዞ ሲገላበጥ ያድራል፣ ፍርሃቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዘዴ ዘየደች። የምግብ ዘይት በድስት ጣደች፣ ቅቤ የምታነጥርበትን ቅመም በሙሉ ጨመረች፣ በቀስታ እሳት አበሰለችው፣ አጠለለችው። ሴቶች በጾም ጊዜ የሚሠሩት የጾም ቅቤ ነው፤ የእሷ ግን ከፍስክ ቅቤ የሚለየው አልነበረም። ወልዱ ጎረሰና «ዛሬስ ቅቤሽ ተለየ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እውነተኛ ቅቤ የሰው ድግስ ላይ እንጂ የራሷ ማዕድ ላይ አልወጣም። እኔ ግድግዳ የምጋራት እንኳን ሽታውን እየሰማሁ ቅቤ ነው እል ነበር።

ክኒኑን ወልዱ አንድ ቀን ይውጠዋል፣ ሌላ ቀን ይፈራዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ዓመት ኖረ። አንድ ጠዋት አዲሱ ገበያ ተራው ላይ መኪናው ሞልቶ፣ ረዳቱ «ሳበው!» ብሎ በሩን ቢመታ አልሄድ አለ። ተሳፋሪው መሳደብ ጀመረ። ረዳቱ ዞሮ ሲያየው ወልዱ መሪውን እንደያዘ ልቡ ቀጥ ብላለች።

አሁን ወደ ደሳለች እመጣለሁ። ደሳለች የወልዱ ታላቅ እህት ናት፤ አዲሱ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ድምፅዋ ከሱቋ በፊት የሚሰማ፣ በእድራችን ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ የምትወስን ሴት። ዓለምፀሐይ የወንድሟን የደም ውጤት ለእሷ ብቻ ነግራት ነበር፤ እህቱ ናት፣ ትወቅ ብላ። ስለ ጾም ቅቤው ግን አልነገረቻትም፣ ወሬው ዞሮ ወልዱ ጆሮ እንዳይገባ። ደሳለች ያንን ምስጢር ይዛ መጥታ በሣልስቱ ድንኳን መሀል ተነሥታ ደረቷን እየመታች ለቀስተኛው ሁሉ ዘረገፈችው።

«ወንድሜን በቅቤ ገደለችው! ሐኪሙ ደሙ ስብ ሆኗል ብሎ ነግሯት፣ በቅቤ አጥባ አጥባ ገደለችው!»

ዓለምፀሐይ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ተነሣች። «እትዬ ደሳለች፣ ማዕዴ ላይ ቅቤ ካየሁ ዓመታት አለፉ» አለች።

አንድ ሰው ሳቀ። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ወልዱ አፈር ሳይደርቅበት፣ ሳቀ። ሌላዋ ቀጠለች፦ «ኧረ ዓለም! በቀደም ቤትሽ አልበላንም? ቅቤው በጣታችን አልተንጠባጠበም?» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ሁሉም በልቶ ነበርና። ጎበዝ ወጥ ሠሪ በመሆኗ ማንም አላመናትም። በእጇ ሙያ ተፈረደባት፤ ከዚያ ሳቅ በኋላም ስለ ዘይቱ ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ አላስረዳችም። እኔም ያን ዕለት አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ፤ ምን ብዬ ልመስክር፣ ያኔ የማውቀው ሽታውን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጉለሌ ያውቀዋል። «ገዳይ ቅቤ» የሚል ስም ወጣላት። ድግስ ያላቸው ሰዎች «ኬተሪንግ ይዘናል» እያሉ በሩቅ ሸሿት። ወጥ ያስተማረቻቸው ሴቶች ድስት ላይ ሲቀመጡ እሷ ከኋላ ሆና ሽንኩርት ልጣ ከተፈች። ያንኑም ቢሆን ሳህን ላይ ከመቅረቡ በፊት «ዓለም ነች የሠራችው?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሷ ስም ግን እሷ በሕይወት እያለች ተቀበረ።

ልጇ ልዩ ሳትቀር ተጎዳች። ክፍል ውስጥ «እናትሽ የሠራችው ነው? እንዳንሞት» እያሉ ምሳ ዕቃዋን የሚገፉ ነበሩ። ልጅቷ አንድም ቀን እናቷን አልጠየቀችም፤ አለመጠየቋ ዓለምፀሐይን ከጥያቄው የበለጠ አቃጠላት።

ዓለምፀሐይ ቤተ ክርስቲያን መግባት አቆመች። ጠዋት ነጠላዋን ለብሳ ትሄዳለች፣ የውጭውን አጥር ትሳለማለች፣ ትመለሳለች። የንስሐ አባቷ ቤቷ ድረስ መጡ፤ እኔም ነበርኩ።

«ዓለምፀሐይ፣ ለምን ከቅጥሩ አትገቢም?»

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል አባ። ቂም ይዣለሁ። ሌላው ይዞ ይገባል፣ እኔ አላታልልም።»

«ታዲያ ይቅር በያታ ልጄ።»

«ይቅር በይኝ ብላ ልካዎት ነው?»

«አይ፣ አልላከችኝም።»

«እንግዲያስ ያልተጠየቅሁትን አልሰጥም።»

አባ ብዙ ተናገሩ፤ እሷ አክብራ ሰማች፤ ሳይስማሙ ተለያዩ። እኔ በልቤ ያጨበጨብኩላት ለእሷ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ደሳለች በእርግጥ ረስታው ነበር፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ «ዓለምዬ፣ ጠፋሽ!» እያለች ታቅፋታለች። ሌላ ነገር ግን ደሳለችን ሳይረሳ ይከታተላት ኖሯል። ይህን የሰማነው ከልጇ ከሃና ነው። ሃና መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ አጎቷን በጣም የምትወድ፣ ከእናቷ ተደብቃ ዓለምፀሐይ ጋ የምትመጣ ልጅ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጥታ ደጃፉ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጠች።

«እትዬ ዓለም፣ አጎቴ ሲይዘው ምን ይሆን ነበር?»

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

ሃና አቀረቀረች። «እማዬን... ማለቴ፣ ልክ እሱን እንደሚያደርገው ያደርጋታል። ልቤ ልትወጣ ነው ትላለች፣ እጇ ይደነዝዛል፣ ሞትኩ ትላለች። ስንት ክሊኒክ አዞርናት። ኢሲጂ ያነሷታል፣ ልቧ ደህና ነው ይሏታል። አንዱ ሐኪም ጭንቀት ነው ሲላት እኔን እብድ አለኝ ብላ ተጣላችው።»

«ደሟስ?» አለች ዓለምፀሐይ፤ አጠያየቋ ላይ የሆነ ነገር ስለሰማሁ ቀና ብዬ አየኋት።

«ስቡ ከፍ ብሏል። ከአጎቴ ሞት በኋላ ቅቤ አልነካችም፣ ሥጋ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ጎመን ቅቅል ነው የምትበላው። ግን ከፍ እንዳለ ነው። ሐኪሙ የቤተሰብም ይሆናል፣ ጭንቀቱም ያባብስ ይሆናል ብሎናል። መድኃኒት አዝዞላታል፤ ለማንም እንዳትነግሩ ብላናለች።»

አያችሁ? ጉለሌን ቅቤ ይገድላል ብላ ያሳመነች ሴት ጎመን እየበላች የወንድሟ በሽታ ይዟታል። እሷም ይህን ታውቃለች፤ አውቃም ዝም ብላለች። ምስጢሩን የደበቀችው ለዚህ ነው።

ሃና እንደሄደች ዓለምፀሐይ «እልል ልል አማረኝ» አለችኝ። «በይ እንጂ» አልኳት። እኔ መልአክ አይደለሁም። ቅቤ ንጹሕ ነው፣ እንደልባችሁ ብሉ እያልኩም አይደለም፤ ሐኪሙ ቀንሱ ካለ ቀንሱ። እኔ የምለው፣ አንዲት ሴት ባሏን ገደለች ለማለት የድስት ሽታ ምስክር አይሆንም ነው።

ከዚያ ልዩ ታጨች። ሠርጉ ከሁዳዴ በፊት እንዲሆን ተወሰነ፤ መልሱ በእናቷ ቤት፣ በእኛ ግቢ። ደሳለች የአባቷ ታላቅ እህት ናትና በመልሱ የክብሩ ቦታ የእሷ ነው። እሷም ገና በወሬው ቀን «ምግቡን ኬተሪንግ ያምጣው፣ በዘመድ ፊት አናፍርም» ብላ ላከች። ልዩ አልተቀበለችም። «እናቴ ካልሠራች መልስ የለም» አለች። ያቺ ዝም ያለች ልጅ ዝምታዋን የሰበረችው በዚህ ነበር።

ድግሱን ስናዘጋጅ አብሬያት ነበርኩ። ዶሮው መጣ፣ ሽንኩርቱ መጣ፣ በርበሬው መጣ፣ ዘይት በጀሪካን መጣ፣ ኮሰረትና ኮረሪማ መጣ።

«ቅቤውስ?» አልኳት።

«ቅቤ የለም።»

«ዓለም፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ቅቤ ይላል» አለችና ወደ ድስቷ ዞረች። የወልዱን የጾም ቅቤ ምስጢር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዘይቱን ከቅመሙ ላይ በእጄ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ሽታው ሲነሣ አፌ ውኃ ሞላ፤ በዓይኔ ያየሁትን ዘይት አፍንጫዬ ቅቤ ነው አለኝ።

ያሰበችውንም ነገረችኝ። «ከእጄ አጎርሳታለሁ። ጎርሳ ቅቤ ነው ትበል፤ በዚያው ሰው ፊት፣ በዚያው እድር ፊት። ከዚያ እኔ እናገራለሁ። በድንኳን የወሰደችብኝን ስሜን በድንኳን ትመልሳለች።»

«የልጅሽ መልስ ነው እኮ። ቂም በልጅ መልስ ይወጣል?»

«ልዩ የወልዱ ልጅ ናት ኢየሩ። እናትሽ አባትሽን ገደለች እየተባለች ባሏ ቤት አትገባም።»

ሽንኩርቱን መክተፌን ቀጠልኩ።

የመልሱ ቀን ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ድንኳኑን ያራግበው ነበር። የሙሽራው ወገን መጣ፣ ተዘፈነ፣ ተቀመጡ። ወጡ ቀረበ። ሰዉ መጀመሪያ ተያየ፤ ኋላ አንዱ ጎረሰ፣ ሌላው ጎረሰ፣ ከዚያ ወሬ ጠፍቶ የአፍ ድምፅ ብቻ ቀረ። የሙሽራው አባት «ይህን የመሰለ ቅቤ ከየት አመጣችሁ?» ሲል ሰማሁ። ደሳለች በክብር ቦታዋ ላይ ዳቦ እየቆረሰች ወጡን በዓይኗ ትሸሸዋለች።

ዓለምፀሐይ እጇን ታጥባ ሙሽሮቹን አጎረሰች፣ አማቾቿን አጎረሰች፣ ከዚያ ከደሳለች ፊት ቆመች። ጉርሻው ወጥ የጠገበ፣ እጇን ሞልቶ።

«እትዬ ደሳለች፣ ከእጄ ይጉረሱ።»

«ዓለምዬ፣ እኔ እንኳን... ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ለልዩ ይጉረሱላት።»

የሙሽራው እናት ከወዲያ ሆነው «የሙሽሪት አክስት፣ ኧረ ጉረሱ! የእናት እጅ አይመለስም!» አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ዓይን ሆነ። አዲስ ዘመድ ፊት ጉርሻ መመለስ ዘመድ ማዋረድ ነው። ደሳለች አፏን ከፈተች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ፊቷ ሲገረጣ አየሁ።

«ቅቤ...» አለች። «ቅቤ አበላችኝ።»

ዓለምፀሐይ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር፤ ለመናገርም አፏን ከፍታ ነበር። ግን ጊዜ አላገኘችም። ደሳለች ደረቷን ያዘች። ግንባሯ በላብ ተጥለቀለቀ፣ ጣቶቿ ተኮራመቱ፣ አየር እንዳጣ ሰው አፏን ከፍታ «ልቤ! ልቤ! እንደ ወልዱ ልሞት ነው!» እያለች ከወንበሯ ተንሸራተተች። ግማሹ ውኃ አለ፣ ግማሹ ጠበል አለ፣ ሌላው አምቡላንስ ጥሩ እያለ ጮኸ። ባሏ ጋሽ ሐብታሙ ተነሥቶ ጣቱን ዓለምፀሐይ ላይ ቀሰረ፦ «ገደልሻት! ወንድሟን ጨርሰሽ ወደ እሷ መጣሽ!»

ይህንንም አስባ ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላሰበችውም። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ደንግጣለች። ግን ከዚያ ጣት ፊት ድንጋጤዋ ጠፍቶ የድሮው ቁጣዋ ሲመለስ ደግሞ አየሁ።

«ኢየሩ!» ብላ ጠራችኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ውጭ ንፋስ ላይ ያስቀመጥነውን ሰታቴ አምጪ።»

አመጣሁት። በሰዉ ሁሉ ፊት ክዳኑን ከፈተችው። ወጡ በረዶ ሆኗል፤ ከላይ የተንሳፈፈው ግን ቀይና ቀጭን፣ ሰታቴውን ሲያዘነብሉት እንደ ውኃ የሚሄድ።

«በዚህ ብርድ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ያልረጋ ቅቤ የት አገር ነው ያያችሁት? ዘይት ነው! ወልዱን እስኪሞት ያበላሁት ይኸው ነው፤ ሐኪም ከነገረኝ ቀን ጀምሮ!»

«እውነት ነው» አልኩ። «ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።» ከኋላ አንዲት አሮጊት ጣታቸውን ነክረው አሹት፣ አሸተቱት፣ «ዘይት ነው» አሉ። በሣልስቱ ዕለት የሳቀው ሰውዬ እዚያው ነበር፤ ሳህኑን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

ሃና እናቷ አጠገብ ተንበርክካ የእጇን ትርታ ስትቆጥር ነበር። «እንደ ሁልጊዜው ነው» አለች፤ «ይኸው ነው የሚያደርጋት። መኪና ይምጣ፣ ለጥንቃቄ እንወስዳታለን፤ ግን እስከዚያ ትንፋሿን ካላረጋጋች ይብስባታል።» ደሳለች ግን ዘይት ነው ቢሏት፣ ደህና ነሽ ቢሏት አትሰማም። ፍርሃት ከያዘ ምስክር አይሰማም። ዓይኗን ዓለምፀሐይ ላይ ተክላ «ወልዱን... ሲይዘው... ምን ታደርጊለት ነበር?» አለች፤ በየቃሉ መሀል አየር እየሳበች።

ምን ታደርግለት እንደነበር እኔ በግድግዳው አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሁለት እጁን ትይዘውና ትንፋሹን ባወጣ ቁጥር የመንገዱን ፌርማታ ታስጠራው ነበር፤ በረዥሙ፣ አንዱን ስም እስከ ትንፋሹ መጨረሻ። አዲሱ ገበያ። ሰሜን ማዘጋጃ። ጊዮርጊስ። ፒያሳ ሲደርስ ይረጋጋል፣ ተነሥቶ ሞተር ያስነሣል።

ዓለምፀሐይ ነጠላዋን አውልቃ መሬት ላይ ተቀመጠች። የደሳለችን ሁለት እጆች ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱታውን ተወችው።

«ዓይኔን እይ። አየር ሳቢ። አሁን ቀስ ብለሽ አውጪ፤ ስታወጪ የምልሽን በይ።»

«ምን... ልበል?»

«ወንድሜን ዓለም አልገደለችውም፣ በይ።»

 ጋሽ ሐብታሙ «ሴትዮ፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለች ሰው...» ብሎ ጀመረ፤ ሃና ቀና ብላ «አባዬ፣ ተዋት» አለችው። ልዩ ከሙሽራው ጎን ተነሥታ ቆማለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ እናቷን ታያለች።

«ወን... ወንድሜን...»

«በረዥሙ። እንደገና አየር ሳቢ።»

«ወንድሜን... ዓለም...»

«ጨርሺው።»

«ወንድሜን ዓለም አልገደለችውም።»

«ጎሽ። እንደገና።»

እንደገና አለች። እንደገናም አለች። መጀመሪያ ቃሉ እየተቆራረጠ፣ ኋላ እየረዘመ፣ ኋላ ከድንኳኑ ጫፍ እስከ ጫፍ እየተሰማ። ለዓመታት «ገዳይ ቅቤ» ሲሉ የኖሩ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። አንዳንዶቹ ከንፈራቸው አብሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። የደሳለች ጣቶች ተፈቱ፣ ትከሻዋ ወረደ፣ እንባዋ ያለ ድምፅ ፈሰሰ። መኪና መጣ የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ደሳለች እጇን ቀስ ብላ ልትስብ ሞከረች።

«በቃኝ ዓለም» አለች። «አሁን ደህና ነኝ። ልቤ ተረጋጋች።»

ዓለምፀሐይ እጇን አልለቀቀችም።

«የእኔ ገና አልተረጋጋችም» አለቻት። «ድገሚው።»